«እንብላ» ብንላት

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። አንድ እግሬን በጣሊያን ጊዜ ካጣሁ ወዲህ በምርኩዝ ነው የምሄደው፤ ጎንደር አራዳ ልብስ እየሰፋሁ አድራለሁ። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ግን ሱቄን ዘግቼ ድብ ባሕር ከሚባለው አገር አጠገብ ወዳለው ጸበል እሄዳለሁ። ዓይነ ስውሩም፣ ሽባውም፣ ዲዳውም ከየአገሩ ይመጣና ጎጆ ቀልሰን ሱባዔውን አብረን እንሰነብታለን። እግሬ እንዲበቅል ብዬ አይደለም የምሄደው። ዓመቱን ሙሉ «አንካሳው» ስባል ከርሜ፣ እዚያ ስደርስ «አያ ካሴ መጣ!» ሲሉኝ ነው የምድነው።

ባለፈው ታዲያ ከቅዳሴ ወጥተን፣ ክብ ሠርተን እንጀራችንን ልንቆርስ ስንል አንዲት ወይዘሮ ከማኪና ወርዳ በአጠገባችን አለፈች። ሰው እያለፈ ዝም ብሎ መጉረስ ነውር ነውና ሁላችንም «እንብላ!» አልናት። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከንፈሯን መጠጠች። «አይ ምስኪኖች፣ ራባችሁ?» አለችና ከያዘችው ዳቦ ገምሳ እፊታችን ጣል አደረገችልን። ደሜ ፈላ! ሌላ ሰው «እንብላ» ቢላት «ብሉ፣ ይባረክ» ብላ ታልፍ የለም? ከኛ አፍ ሲወጣ ምነው ልመና ሆነ? ምርኩዜን ይዤ ልነሣ ስታገል፣ ከጎኔ የተቀመጠው ዓይነ ስውሩ አያ ፈንቴ በእጁ ዳብሶ ዳቦውን አገኘውና ድምፅዋ ወደ መጣበት ዘረጋው።

«እሜቴ፣ ዳቦዎን ይዘው አብረውን ይቀመጡ» አላት። «እንብላ አልን እንጂ፣ አብሉን መች አልን?»