ለራስ ምታት የተሰጠ ክኒን

እንደምን ሰነበቱ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ! ከወገዳ መቼ ገቡ? መንገዱስ... ያው አቧራ ነው? ልጅዎ ተገላገለች አሉ፤ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ይምጡ፣ እህልዎን ከኔ ጎን ያስቀምጡ። ገብስ ነው? የኔም ገብስ ነው፤ ለጾሙ በሶ ላስፈጭ ብዬ። ከፊታችን ገና ሦስት ሰው አለ፤ እስከዚያ እንጫወት።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ አገሩ ሠልጥኗል እኮ! ጤና ኬላችን የወጣቶች ቀን ጀምሯል። ምን የመሰለች ደግ ሴት እንደ ሰጠን ያውቁ የለ? ስሟን መጥራት ምን ያደርጋል... ሥራዋ ይጠራት። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ምስጢርዎ በእኛ ዘንድ የተጠበቀ ነው» ብላ ለጥፋለች። እኔ ፊደል መቼ ቆጠርኩና፤ ልጄ ህይወት ናት ያነበበችልኝ። አንብባ ደግሞ አመነችው።

ቀኑን አርብ አደረገችው። ለምን ቢሉ፣ ወጣቱ አርብ ይወጣላ። እውነቷን ነው። አርብ ገበያ የሚወርደው ሁሉ አህያውን አቁሞ የሚያርፈው እዚያው ጤና ኬላው አግዳሚ ላይ አይደል? አገሩ በሙሉ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ልጅ ምስጢሯን ብትናገር ምን ይጎድልባታል? ምስክር ሞልቷት!

ምነው እትዬ... ከፊታችን ወዳለችው ሴት እየጠቀሱ፣ ትርሲት ድምፅሽን ቀንሺ ነው የሚሉኝ? ሙገሳ እኮ ነው የማወራው። ሰው ሲያመሰግን ያንሾካሹካል እንዴ? ደግሞስ ወፍጮው እንዲህ እየጮኸ ማን ይሰማኛል?

እና ህይወቴ መስከረም ላይ አንድ አርብ ሄደች። እኔ የት አውቄ። ለካ የሦስት ወሩን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ልትጠይቅ ኖሯል። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርቴ ሳያልቅ እንዳልበላሽ ብላ፣ ከናቷ የተሻለ አስባ። ደጓ ሴት ከበሩ ብቅ አለችና፣ «ህይወት ጥጋቡ! ምን ፈልገሽ መጣሽ የኔ ልጅ? ንገሪኝ፣ መዝገቡ ላይ ልሙላ» አለቻት። ጮክ ብላ ነዋ፤ ሰው ከሌላ ጥጋቡ ልጅ ጋር እንዳያምታታት። ለመዝገቡማ የሚያህላት የለም፣ አንዲት መስመር ባዶ አትተውም። አግዳሚው ላይ ያባቷ ወንድም አስማረ አለ፣ የነፍስ አባታችን አሉ፣ የጓደኞቿ እናቶች አሉ... ሁሉም ዞረው ልጄን ያያሉ።

ምን አለች መሰልዎ? «ራሴን አሞኝ ነው።»

ስድስት ፍሬ ክኒን ሰጠቻት። «ውሃ አብዝተሽ ጠጪ» ብላም መከረቻት። ምክሯን መቼ ነፈገቻት!

ክኒኖቹን ያገኘኋቸው በየካቲት ነው። ደብተሯ ውስጥ፣ ስድስቱም እንዳሉ። ያኔ ሆዷ መግፋት ጀምሮ ነበር። ያስረገዛት ልጅማ በኅዳር ለማሽላ አጨዳ መተማ እንደ ወረደ ቀረ።

እኔም ብሆን... ለርስዎ አልዋሽም። ያን አርብ አስማረ መጥቶ ልጅሽን ጤና ኬላ አየኋት ሲለኝ፣ አስቀምጬ ምን ሆንሽ ማለት ሲገባኝ፣ «ፀሐይ ነው፣ ራስሽን ተከናነቢ» ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። እኔ ግን ለዚህ አልሠለጠንኩ፤ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ነገር የለ።

አሁን አምስተኛ ወሯ ነው። እግሯ ማበጥ ጀምሯል፤ እስካሁን አንድ ሰው አልመረመራትም። ክትትል እንሂድ ስላት፣ «ያን አግዳሚ ዳግመኛ ከማልፍ ሞቴን» ትላለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው እትዬ። እፈራለሁ። ሰኞ ለት በሚኒባስ ንፋስ መውጫ ልወስዳት ነው፣ ማንም ወደማያውቃት አገር።

የኛዋ ደግ ሴት ግን ሥራዋ አልተጓደለም፤ ባለፈው የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሪፖርቷን አንብባለች። ስለ እርግዝና ስጋት ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ልጃገረድ የለችም አለች። የኛ አገር ሴት ልጆች እንዲህ ጨዋ ናቸው! ተጨበጨበላት፤ እኔም አጨበጨብኩ። መዝገቡ መቼ ይዋሻል? ዘንድሮ የመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነው ያመማቸው።

ውይ፣ ይኸው ከፊታችን ያለችው ሴት ተራዋ ደረሰ። ነጠላዋን ምነው እስከ ዓይኗ አወረደችው... ዱቄቱ አስቸግሯት ይሆናል። ይነሡ እትዬ፣ ማዳበሪያውን እናንሳላት፤ ብቻዋን ይከብዳታል።

ያችን ያወራሁልዎትን ደግ ሴትማ እግዜር ይባርካት። ሁለት ሴት ልጆች አሏት አይደል? ትልቋ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። ያሳድግላት። ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። አሜን ይበሉ እንጂ! ጭንቅ ይዟቸው ምክር ፍለጋ ከቤት የወጡ ለትም፣ ልክ እንደ እናታቸው ያለች ሴት ከበር ብቅ ብላ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርታ ትቀበላቸው።