ለራሱ የሚልከው ማሽን

ረፋድ ላይ፣ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፤ የኮምፒውተር ባለሙያው ጥጋቡ የደም ምርመራ ውጤት እያተመ ነው፤ የሕፃናት ክፍል ነርስ ሲስተር የሺመቤት በሩ ላይ ቆማለች።

የሺመቤት፦ ዛሬ ወረቀት አልወስድም። ውጤቱ እላይ እኛ ኮምፒውተር ላይ እንዲታይ አድርግ ነው የምልህ።

ጥጋቡ፦ እሱ ረጅም ታሪክ ነው ሲስተር። ተቀመጪ፣ ወንበሩን ጠርጌዋለሁ።

የሺመቤት፦ ቆሜ እሰማለሁ።

ጥጋቡ፦ ይሄ ትልቁ፣ አስተናጋጅ የሚባለው ማሽን ነው። ሆዱ ውስጥ ሌላ ማሽን አለ፣ ቨርቹዋል ይሉታል። አካል የለውም፤ ራሱን ግን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር ይቆጥራል።

የሺመቤት፦ እንደ አለቃችን በለኛ።

ጥጋቡ፦ ኧረ ይሄስ ይሠራል። የላብራቶሪው ውጤት የሚገባው ወደ ውስጠኛው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው መልእክት አቀባይ አላቸው። የውስጡ ለውጪው ካቀበለ፣ የውጪው ለእናንተ ያደርሳል።

የሺመቤት፦ ታዲያ ምን አጣላቸው?

ጥጋቡ፦ አልተጣሉም። ሳገናኛቸው የመድረሻውን አድራሻ «እዚሁ» ብዬ ሞላሁት። የተቀመጥኩት ትልቁ ፊት ስለነበር «እዚሁ» ማለት እሱ መሰለኝ። የውስጡ ደግሞ «እዚሁ» ሲባል ራሱን ነው የሚያውቀው።

የሺመቤት፦ እና?

ጥጋቡ፦ ለራሱ ይልካል፣ ራሱ ይቀበላል፣ «ደርሷል» ብሎ ይመዘግባል። ምስኪን፣ ከሌላ ጋር የሚያወራ ይመስለዋል።

የሺመቤት፦ ይሄን መቼ ደረስክበት?

ጥጋቡ፦ የቱን?

የሺመቤት፦ ጥጋቡ።

ጥጋቡ፦ ኅዳር ላይ።

የሺመቤት፦ አሁን ግንቦት ነው። ለማስተካከል ስንት ቀን ይፈጃል?

ጥጋቡ፦ አንድ መስመር ነው።

የሺመቤት፦ ለአንድ መስመር ነው በቀን አራቴ ያን ሁሉ ደረጃ ያስወረድከኝ?

ጥጋቡ፦ ከኅዳር በፊት እዚህ የሚገባው የአይጥ መድኃኒት የሚረጨው ሰውዬ ብቻ ነበር። እሱም አፉን ሸፍኖ ስለሚመጣ አያወራም። አንቺ መጣሽ፣ «ውጤት አልደረሰንም» አልሽ፤ ከዚያ ስለ ልጅሽ ጥርስ ነገርሽኝ። አንድ ሳምንት ይቆይ ብዬ ተውኩት።

የሺመቤት፦ ትናንት ስለዚያው ጥርስ ሳወራህ ሩብ ሰዓት ሄደ። እላይ አንዲት እናት ትኩሳት ያለው ልጇን ታቅፋ ወረቀቷን ትጠብቅ ነበር። እኔ እዚህ እስቃለሁ።

ጥጋቡ፦ ልጁስ?

የሺመቤት፦ ተርፏል። የትናንቱ።

ጥጋቡ፦ ... ይኸው፣ አድራሻውን ቀየርኩት። ደውለሽ ጠይቂ።

የሺመቤት፦ ሄሎ ሰናይት፣ የአልጋ ሰባት ውጤት መጥቶልሻል? እሺ። እሺ በቃ። ... ደርሷታል።

ጥጋቡ፦ ጥሩ ነው።

የሺመቤት፦ ከእንግዲህ አልወርድም።

ጥጋቡ፦ አውቃለሁ።

የሺመቤት፦ ምሳ የምንበላው ስድስት ተኩል ላይ ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ።

ጥጋቡ፦ ምን ብዬ ልምጣ?

የሺመቤት፦ ሰበብ ማጣት አሁን ነው እንዴ የጀመርከው?