ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣

ቅድም ስገባ በር ላይ አንድ ባልደረባችን «ኮምፒውተር ካለ እኮ ሰው አያስፈልግም» ሲል ሰማሁት። እውነቱን ነው። እኔም ይኸው ጡረታ ወጥቼ ልሄድላችሁ ነው። ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ወንበሮቹን ማን እንደደረደራቸው ጠይቄ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አይደለም።

ኮሪደሩ ላይ ለዛሬ የተለጠፈውን የኮምፒውተር ታሪክ አያችሁት? እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ባለጥርስ መዘውሮች ሲያገጣጥም ኖሮ የስሌት ማሽኑን ሳይጨርስ የሞተ ሊቅ አለ። ቀጥሎ አዳራሽ የሚሞላ ማሽን፤ ከፊቱ ከረባት ያሰሩ ወንዶች ከነሙሉ ስማቸው። ከጎን ሁለት ሴቶች ሽቦ ይሰካሉ። ስም የላቸውም። ማሽኑን ሥራ ያስጀመሩት እነሱ ነበሩ፤ ብዙ ሰው ግን ለፎቶ ማድመቂያ የቆሙ መስሎት አልፏቸዋል።

መጨረሻ ላይስ ማን አለ? «ኮምፒውተርን ወደ መሥሪያ ቤታችን ያስገቡ» የተባሉት የቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን።

ማስገባቱንስ አስገብተዋል። ቢሯቸው አስገብተው፣ ዳንቴል አልብሰው፣ በሩን ቆለፉበት። ሁለት ዓመት ሙሉ። «ጌታዬ፣ መቼ ነው የምንሠራበት?» ስንላቸው «ይበላሻል» ይሉናል።

አንድ ጊዜ የዓመት ፈቃድ ሲወጡ ቁልፉን ለጸሐፊያቸው ተዉላት። በታይፕ ፍጥነቷ መብረቅ የምንላት ናት። መብረቅ ዳንቴሉን አጣጥፋ አስቀመጠችና የእንግሊዝኛ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታች አንድ ወር ተቀመጠች። ፋይል ፈልጎ የሚያወጣውን የመጀመሪያውን ፕሮግራማችንን የጻፈችው ያኔ ነው። አለቃችን ሲመለሱ ምን አሏት?

«ዳንቴሉን ማን አነሳው?»

ጡረታ ስትወጣ ስብሰባ ላይ ስለነበርን አልሸኘናትም። ዛሬ ጠርቻት መጥታለች፤ ያቻት፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ። ጠዋት ፎቶዋ ኮሪደሩ ላይ ይሰቀል ብዬ የሕዝብ ግንኙነቱን ባልደረባ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ቦታ ሞልቷል እኮ» አለኝ። ግድግዳው አሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ ለክቼዋለሁ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ለመሸኛ የገዛችሁልኝን ሰዓት መልሳችሁ ውሰዱና የእሷን ፎቶ ስቀሉልኝ።

መብረቅ እየሳቀች ነው። ለምን እንደምትስቅ አውቃለሁ።

እንግዲህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የሠራችሁት በስማችሁ ይጠራ። ልጆቻችሁን ከእኛ የተሻለ አለቃ ይግጠማቸው።

ያኔ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለነበርኩ ለፕሮግራሙ የተሰጠው የምስጋና ምስክር ወረቀት የወጣው በእኔ ስም ነው። ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል።