ካሜራው ነጩን ሲፈራ

ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚሄድ ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ ቄስ ተቀምጠዋል።

«ይሄ አንገትሽ ላይ ያንጠለጠልሽው ካሜራ ነው ልጄ?»

«አዎ አባቴ። የመጀመሪያዬ ነው፤ ገና እየተማርኩበት ነው።»

«ምኑን ትማሪዋለሽ? ተጭኖ ማንሳት አይደለም እንዴ?»

«እኔም መስሎኝ ነበር። ቁሐር ሚካኤል ለንግሥ ሄጄ የብርሃኑን ልክ ለራሱ ለካሜራው ትቼ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ነጠላው ሁሉ አመድ መስሏል፤ የሰዉ ፊትማ ጠቁሮ አይለይም።»

«ምነው? ፀሐይ አልነበረችም?»

«ነበረች እንጂ። ካሜራው ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃን የበዛበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ለንግሥ ነጭ ሳይለብስ የሚወጣ የለንም።»

«እንግዲያ የሠሩት ሰዎች እኛን አያውቁንም።»

«አያውቁንም አባቴ። አሁን ነጭ ሲበዛ ብርሃኑን እኔ እጨምርለታለሁ። ይቺን ይመልከቱልኝ፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ነው ያነሳኋት።»

«ውይ! ነጠላዋ እንዴት ጸድቷል! ፊቷም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማን ናት?»

«እናቴ ናት። የንግሡን ፎቶ ሳሳያት ‹ልብሴን ነው ያነሳሽው፣ እኔስ የት አለሁ?› ብላኝ ነበር።»

«ይቺንስ ስታይ?»

«ፎቶው ላይ ፊቷን በጣቷ ዳሰሰችው።»

«እሰይ ልጄ! እጅሽ ይባረክ። ለካ ካሜራም ሰው እንዲያይ ይማራል!»

እኔ ስልኬን አወጣሁና፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የተነሳችውን ያለኝን አንድ ፎቶ ከፍቼ ፊቷን ፈለግሁ።