በ"መ" ምሰሶ ሥር የቀረው ጋሪ

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ደግሞም ከመኪና ማቆሚያው በመልክ የማውቃችሁ ደንበኞች፣ እንደምን ዋላችሁ። ዘመዱ ከሩቅ እስኪደርስ ቀብሩ ቆይቷል፤ አሁንም በዚህ ፀሐይ መቃብሩ አጠገብ ስላቆምኳችሁ አትቀየሙኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን ወረቀት የጻፍኩት በገዛ እጄ ስለሆነ፣ ሳነብ ብደናቀፍ ታገሱኝ።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ይባላል። ክፉም ሲሞት ይባላል። ስለዚህ እኔ እንደዚያ አልልም። እኔ እዚህ የቆምኩት ግራ ገብቶኝ ነው። ይህን ሰው አስራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ ስል ኖርኩ። ካለፈው ረቡዕ ወዲህ ግን የማውቀው አይመስለኝም።

ባቡር ነበር የምንለው። ለምን እንደሆነ ያየ ያውቃል። የሱፐርማርኬታችንን ጋሪዎች፣ ሠላሳውን አንዱን ባንዱ ውስጥ ሰክቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በመኪኖች መካከል እየጠመዘዘ ሲገፋ ከሩቅ ይሰማ ነበር። እሱ ውጭ ጋሪ ይሰበስባል፣ እኔ ውስጥ ወለል እወለውላለሁ። ዝናቡን እሱ ይችለዋል፣ የዝናቡን ጭቃ እኔ።

ማቆሚያው ላይ ምሰሶዎች አሉ። ሰው መኪናውን የት እንዳቆመ እንዳይጠፋው ፊደል ተጽፎባቸዋል። በሩ አጠገብ "ሀ"፣ ቀጥሎ "ለ"፣ ቀጥሎ "ሐ"፣ ከሁሉም ሩቅ፣ እኛ ሠራተኞች በምንገባበት በታችኛው በር በኩል፣ "መ"። አንድ ቀን አንድ አዛውንት "ሐ" የት ነው ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩ። በእጄ እንዲያው ወደ አንድ ጎን ጠቆምኩ። ሰውዬው ዕቃቸውን እየገፉ በዝናብ ሲዞሩ በመስኮት አየኋቸው። ባቡርም አያቸው፣ መኪናቸው ድረስ አደረሳቸው። በማግስቱ የምሳ ሰዓት ላይ መጣና፣ እህት ዓለም፣ ነይ አንዴ አብረን እንዙር አለኝ። ከምሰሶ ምሰሶ አዞረኝ። "መ" ጋ ስንደርስ፣ እዪው፣ ሁለት ክብ ጎን ለጎን፣ የጋሪ ጎማ ነው በይው አለኝ። የመጀመሪያ ፊደሎቼን ያወቅሁት እዚያ ነው። የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር በምን ተጣላሽ ትሉኛላችሁ። በ"ምናልባት" ነው የተጣላነው።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ አንድ ባለ ትልቅ መኪና ነበረ። ዕቃውን ጫነና ጋሪውን ከሌላ ሰው መኪና ኋላ ገትሮት ሊሄድ ሆነ። ባቡር አጠገቡ ቆሟል። ሰውዬው፣ ምን ታየኛለህ፣ ሥራህ አይደል? አለው። እኔ ደጃፉን እየጠረግሁ ነበር፤ ደሜ ፈላ። ባቡር ግን ልክ ነዎት ብሎ ጋሪውን ወሰደ። አንተ ሰው አፍ የለህም ወይ ስለው፣ ምናልባት የታመመ ሰው ቤት ትቶ ይሆናል አለኝ። ሌላዋ ጋሪዋን አበባው ላይ ስትጥለው፣ ምናልባት ልጇ አልቅሶባት ነው። ሌላው ጋሪውን ለቆት ከሰው መኪና ሲጋጭ፣ ምናልባት ክፉ ወሬ ሰምቶ ይሆናል። ለሁሉም ምናልባት አለው። እኔ ደግሞ ምናልባት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ጋሪህን ወደ ቦታው ካልመለስክ ባለጌ ነህ፣ አለቀ።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት በታችኛው በር ስገባ፣ "መ" ምሰሶ ሥር አንድ ጋሪ ቆሞ አገኝ ነበር። ሁልጊዜ አንድ። ያንን ጋሪ ረግሜዋለሁ፣ የተወውን ሰው ረግሜዋለሁ፣ የወለደችውንም አልማርኳት። እየረገምኩ እስከ ሱቁ በር መቶ ሃያ እርምጃ እገፋዋለሁ። በዚህ ሁሉ ባለጌ መካከል ጨዋዋ እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ።

ማን ላይ እንደፈረድኩ ታውቃላችሁ? ያው እዚያ ከኋላ የቆመው ባለ ግራጫ መኪናው ላይ። ሁልጊዜ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ይመጣል፣ ሁልጊዜ "መ" ጋ ያቆማል። በር ላይ ጠብቄ ሰው ፊት አዋረድኩት። አንዴ አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አየህ፣ ጥፋተኛ ነው አልኩ።

ከዚያም ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ደብዳቤ ናት። "ጋሪ ሰብሳቢው ሥራውን በአግባቡ አይሠራም፤ በመ ምሰሶ ሥር በየቀኑ አንድ ጋሪ ይቀራል።" ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁ። ባቡርን ጠሩት፣ ደብዳቤዬን አሳዩት፣ ማስጠንቀቂያ ሰጡት፣ ፈረመ። ከቢሮው ሲወጣ እኔ ባልዲዬ ጋ ነበርኩ። ቀረብ አለና፣ "'መ'ዋን አሳምረሻታል" አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። አንድ ወር ዘጋሁት።

ማስጠንቀቂያውን በፈረመ ማግስት ጋሪው እዚያው ቆሞ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ባቡር ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ እዚህ አለች፤ ራቱን በልቶ ተኛ፣ አልነቃም። ማክሰኞ ጠዋት፣ እኔ ምንም ሳልሰማ፣ ጋሪው እንደ ወትሮው ቆሟል። እንደ ወትሮው ረገምኩ፣ ገፋሁ። በሩ ጋ ስደርስ መሞቱን ነገሩኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሪ የለም።

አሁን የምናገረውን ልጄ እንኳ አታውቅም። ጉልበቴ ከተበላሸ ሦስት ዓመት አልፎታል። ምርኩዝ ይዤ ብገባ አረጀች ብለው ያሰናብቱኛል ብዬ ደብቄዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ እየሰሙኝ ነው፤ ይስሙ። ረቡዕ ለታ ያንን መቶ ሃያ እርምጃ በባዶ እጄ ስሄድ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። አንዴ የሰው መኪና ተደገፍኩ። "ሐ" ጋ ስደርስ ምሰሶውን አቅፌ ቀረሁ። የበሩ ጥበቃ ሮጦ መጣ፣ እማማ፣ ምን ሆኑ አለኝ። ጋሪው የታለ አልኩት። ክንዴን ይዞ ቀና አደረገኝ። ከዚያ ነገረኝ። ባቡር ማታ ማታ ጋሪዎቹን ሁሉ በሩ ጋ ደርድሮ ሲጨርስ፣ አንዱን መልሶ አውጥቶ "መ" ጋ ያቆመው ነበር። ጥበቃው አንድ ቀን፣ ይሄን ለምን ትተወዋለህ ቢለው፣ "ተወው፣ ጠዋት ሥራ አለው" አለው።

ጠዋት ሥራ አለው።

አንተ ባቡር፣ መቼ አየኸኝ? ቀጥ ብዬ እሄድ አልነበረም ወይ? ለምን አልነገርከኝም? ብትነግረኝ ጋሪውን ወዲያ እንደምወረውረው ታውቅ ነበር? ያንን ማስጠንቀቂያ ስትፈርም አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ላመስግንህ ስል እናደዳለሁ። ልናደድ ስል ጉልበቴ ያስታውሰኛል። የረገምኩት ሁሉ ማን ላይ እንዳረፈ ሳስብ ደግሞ መቆሚያ አጣለሁ። ከእኛ ከሁለታችን ጨዋው ማን ነበር? ጋሪውን ወደ ቦታው የመለስኩት እኔ ነኝ። ቦታው ግን የት ነበር?

ባለ ግራጫ መኪናው ወንድሜ፣ ወደዚህ ቅረብ። ትናንት ስጠይቅህ፣ እናቴ፣ እኔ ዳቦና ወተት ብቻ ነው የምገዛው፣ ጋሪ ይዤ አላውቅም አልከኝ። ታዲያ ያን ሁሉ ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ ብልህ፣ ምናልባት ቀኑ ከፍቶባቸው ይሆናል ብዬ ነው አልክ። ይኸው ምናልባት አንተም ጋ አለ። በሰው ፊት ነበር ያዋረድኩህ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለተኛ ደብዳቤዬን ይዣለሁ። አጭር ናት፣ ላንብባት። "የመጀመሪያዋ ደብዳቤዬ ትሰረዝልኝ። ባቡር ሥራውን ሠርቷል። ከእንግዲህ በመ ምሰሶ ሥር አንድ ጋሪ ይቅር፤ ጉልበቱ የደከመ ሠራተኛም ይሁን ደንበኛ ይደገፈው። አንዷ እኔ ነኝ።" ካሰናበቱኝ ያሰናብቱኝ። ተደብቄ መሄድ ግን ሰለቸኝ።

ባቡር፣ ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ሁላችንንም በሩ ድረስ አድርሰሃል፤ ዛሬ እኛ አደረስንህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ለዚያ ለባለ ትልቁ መኪና እንኳ ምናልባት አግኝተህለታል። በእኔ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያውን ስትፈርም በልብህ ምን እንዳልከኝ አላውቅም፣ ከእንግዲህም አላውቅም። እንደው ከተረፈህ፣ ለእኔም አንድ ምናልባት በልልኝ።