መንታው መንገድ ላይ የወጣ ዕጣ

ጣልያን በወጣ ሰሞን ከመተማ በጭነት መኪና ስንጓዝ፣ አንዲት ነጋዴ ከጎኗ ከተቀመጡት ሽማግሌ ጋር ታወራ ነበር። ሽማግሌው የአርበኞች ደብዳቤ አድራሽ ነበሩ።

«አባቴ፣ እንዴት ሳይያዙ ቀሩ?»

«ሁለት መንገድ ነበረን። መጀመሪያ ላይ በየት እንደምሄድ ከቤት ሳልወጣ ዕጣ እጥል ነበር።»

«ታዲያስ?»

«አንድ ቀን የወጣውን ዕጣ ባንዳ ሰማ። መንገዱ ላይ አድፍጠው ጠበቁኝ።»

«ወይኔ! አገኙዎ?»

«የት አባታቸው! ልቤ ፈርቶ መንታው ላይ ስደርስ እንደገና ብጥል፣ ለሌላው መንገድ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ዕጣ ጥዬ አላውቅም።»

«ገና መንታው ሳይደርሱ ቢይዙዎና ቢገርፉዎስ? በየት እንደሚሄዱ አይናገሩም ነበር?»

«ልጄ፣ እኔስ መች አውቄው!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

መንገድ ላይ ሸሕዲ ወራጅ የነበርሁት እኔ በጨዋታቸው ተይዤ መውረጃዬን አልፌ አብሬያቸው ወደ ጎንደር ቀጠልሁ።