የቲቸር ጄን የመጀመሪያ ተማሪዎች

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆች፣ ፈረንጅ እዚህ ቦምቤ ቢመጣ ማደሪያው ሶዶ ከተማ ነው። ቀን መጥቶ ዞር ዞር ይልና በመኪናው ይመለሳል። ከእኛ ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ሽንት ቤት ብሎ የተቀመጠ አላየንም። ታዲያ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ማቴዎስ ጥላውን ይዞ ቤቴ መጣና፣ "ወይዘሮ ታደለች፣ ያቺ ሰርቪስ ክፍልዎ ባዶ ናት አይደል?" አለኝ።

"ባዶ ናት፣ ምነው?"

"እንግሊዝኛ የምታስተምር መምህርት ከውጭ አገር ትመጣለች። ሁለት ዓመት ትቀመጣለች።"

"ምንድን ነው የምትበላው?" አልኩት።

"ሰው የሚበላውን ነዋ!" አለኝ።

የእኔ ልብ ያለው ልጄ ጋ ነበር። ወርቅነሽ ስምንተኛን አልፋ ዘጠነኛ ልትገባ ነው፣ የበፊቱ የእንግሊዝኛ መምህር ደግሞ ተዛውሮ ሄዷል፤ ዘጠነኛ ማለት ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። መምህር ከሌለ ልጄ ምን ትሆናለች? እና የሰርቪሷን ወለል በእበት ለቀለቅኩ፣ አልጋ አስገባሁ፣ መጋረጃ ሰፋሁ።

መጣች። ጄን ትባላለች። ትልቅ ሴትዮ ስጠብቅ፣ ምን አላችሁ፣ ልጅ እግር፣ ቀጭን፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ! ከመኪናው ስትወርድ ጭቃው ጫማዋን ዋጠው፣ እግሯ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። በአንድ እግሯ እንደቆመች እኔን አየችና ከመጽሐፍ ያጠናችውን አማርኛ፣ "ደህና ነህ?" አለችኝ። እኔን! እኛስ ብንሆን፣ በወላይትኛ አፍ የፈታን ሰዎች፣ አማርኛ ስንናገር ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት እናደርግ የለ? እና፣ "ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተስ?" አልኳት። ወርቅነሽ በሳቅ ሞተች።

ታዲያ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ይቀራል፣ እሷም ቤቱን ትላመድ ጀመር። ቦዬ፣ ድንች የመሰለውን ሥራ ሥር፣ ቀቅዬ ከዳጣ ጋር አቀረብኩላት። ዳጣውን፣ ያንን በርበሬ፣ እንደ ሾርባ በማንኪያ ጎረሰችው! እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ እሷ ግን "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" ትላለች። የአጥሬ ቀዳዳ ሁሉ የሕፃን ዓይን ሆነ። ልብስ ስታጥብ ያያሉ፣ ፀጉሯን ስታበጥር ያያሉ። እሷም እጇን ታውለበልብላቸዋለች፣ ይሮጣሉ፣ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ከአቶ ማቴዎስ ጋር ትምህርት ቤቱን አይታ ተመለሰች። ምሳ አልበላችም። ከሰዓት በኋላ በበሯ ሳልፍ ብቻዋን ታወራለች። ቆም አልኩ። ከግድግዳው ጋር ነው የምታወራው! ትጀምራለች፣ ታቆማለች፣ ደግሞ ትጀምራለች፣ ኋላ ድምጿ ቁርጥ አለና አለቀሰች። ወርቅነሽን ጠራሁ፣ "ግቢና ምን ሆነሽ ነው በያት።" ገባች፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ ጠየቀቻት፣ ቆይታ ወጣችና፣

"እማ፣ ልትሄድ ነው" አለችኝ።

"ወዴት?"

"አገሯ። ቅዳሜ በሶዶው አውቶቡስ። አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠና ልጅ እንደሚቀመጥ ዛሬ ነው የሰማችው። አገሯ ማስተማር ስትለማመድ ሃያ ልጆች ፊት ቆማ ድምጿ ጠፋባት፣ ሳቁባት። እዚህማ ይጫወቱብኛል፣ እኔ መምህር አይደለሁም ትላለች።"

እኔ ታዲያ "አትሂጂ" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። የሰው ልጅ ናት፣ እናቷ ትጠብቃታለች። ለራሴ ልጅ ስል የሰው ልጅ አስሬ ላስቀምጥ?

እና ጎረቤቴ በቀለች ጋ ሄድኩ። የበቀለች አያቶች ከሰሜን የመጡ ናቸው፣ እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፣ አጥራችን ግን አንድ ነው። ስትናገር ገበያው ሁሉ ዞሮ ነው የሚያያት። ነገሩን ነገርኳት።

"ተማሪ ፈራሁ አለች?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ በእኛ አትለማመድም?"

በማግስቱ ሴቶቹን ሰበሰብን፣ አሥራ አራት ሆንን። ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ተሸክመን ግቢዬ ደረደርን። ወርቅነሽ ጄንን እጇን ይዛ አወጣቻትና "ቲቸር፣ ተማሪዎችሽ ናቸው" አለቻት። ጄን ገረጣች። ከግድግዳው ጋር የምትለማመድበትን ወረቀት ዘረጋች። ጀመረች፣ ድምጿ የትንኝ ድምፅ።

በቀለች ከኋላ፣ "አልሰማንም ቲቸር!"

ትንሽ ጨመረች።

"አሁንም አልሰማንም!"

ደግሞ ጨመረች። ታዲያ በቀለች እንደ ልጆቻችን መሆን አለብን ብላ የበቆሎ ፍሬ ወረወረችብኝ! እኔም ብድግ ብዬ፣ "ቲቸር! በቀለች መታችኝ!" አንዷ በወላይትኛ ሽንቴ መጣ ትላለች፣ አንዷ ተኝታ ታንኮራፋለች። ጄን ቋንቋውን ባትሰማም ነገሩ ገባት። ወረቀቱን ጣለችና፣ "ሲት ዳውን!" አለች። እንዴት ያለ ድምፅ! ዶሮዎቼ ተበተኑ። አሥራ አራታችንም ቁጭ፣ ጭጭ። እሷው ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ እኛም ሳቅን፣ በቀለች ከአግዳሚው ወደቀች።

አራት ቀን ተማርን። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እኔን ወደ ፊት ጠራችኝና ስሜን በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እኔ ከሁለተኛ ክፍል ነው አቋርጬ የወጣሁት፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። እና ድምፄ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ የገዛ ጎረቤቶቼ ፊት! ጄን አየችኝ። መጥታ ጎኔ ቆመች፣ ትከሻ ለትከሻ፣ እጄን ያዘችና ቀስ ብላ "ማይ ኔም ኢዝ" አለች። እኔ "ታደለች" አልኩ። ያኔ ነው በልቤ፣ ይቺ ልጅ መምህር ናት ያልኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ስለ መሄዷ እሷም አላነሳች፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። ጠዋት ለመንገድ ብዬ እንቁላል ቀቀልኩ፣ ቂጣ ጠቀለልኩ። አውቶቡሱ ክላክሱን ሲነፋ ጄን ካፖርቷን ደርባ እየሮጠች ወጣች። እኔም ፌስታሉን ይዤ እያለቀስኩ ተከተልኳት። ስደርስ ለረዳቱ ደብዳቤ እየሰጠችው ነው፣ ሶዶ ፖስታ ቤት እንዲያስገባላት፣ ለእናቷ። ሰጠችና ዞር አለች። ሻንጣ የለ፣ ምን የለ! እኔን ከነእንባዬ ስታየኝ ደንግጣ፣ "ምን ሆንክ?" አለችኝ።

"ምንም አልሆንኩም፣ እንቁላል ብላ" አልኳት።

እዚያው መንገድ ዳር ቆመን ልጠን በላነው።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ደግሞ ሥራችንን ጥለን፣ አሥራ አራታችንም፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተሰለፍን። ዘበኛው መጥቶ፣ "ዛሬ ወላጅ አልተጠራም፣ ሂዱ!" አለን። በቀለች፣ "ማን ወላጅ አለህ? ዝም በል፣ ቲቸራችንን እንስማበት!" አለችው። እሱም ግራ ገብቶት አብሮን ቆመ።

ሁለት ዓመት ብላ መጥታ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ወርቅነሽንም እስከ አሥራ አንደኛ አስተማረቻት።

— እማማ ታደለች፣ ያ ሁሉ ተማሪ ታዲያ አልሳቀባትም?

ሳቀ እንጂ! የመጀመሪያው ቀን ምን እንዳለች እንጃ፣ ክፍሉ በሳቅ ሲናጋ አጥሩ ድረስ ሰማን። እኔ የበቀለችን ክንድ ያዝኩ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አለቀሰች አልኩ። ቆይተን ብናዳምጥ፣ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሷው ሳቅ ነው።